ከምድጃው በፊት ድስቱን ለኩ

አዳማ አንድ ኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ ያየሁት ካቢኔት እስካሁን ይከነክነኛል። ገና ዓመት አልሞላውም፤ ነጭ ነው፣ የእጀታው ላስቲክ እንኳ አልተላጠም። ከምድጃው በላይ በስተቀኝ የተሰቀለው ክፍል ግን የታች ጠርዙ ላይ የተለጠፈው የፕላስቲክ ጥብጣብ ተላቆ ተንጠልጥሏል። ውስጡ ያለው ቺፑድም አብጧል። እዚያው ሥር፣ ምድጃውን የሚነካው የፎርማይካ ጠረጴዛ ጠርዝ የሻይ ቀለም ይዟል። በግራ በኩል ያለው፣ ከዚያው ቦርድ ተቆርጦ በዚያው ቀን የተገጠመው ካቢኔት ምንም አልሆነም።

የቤቱ እመቤት ጥፋቱን ለአናጺው ሰጥታለች። አናጺው በቦርዱ ያሳብባል። ምድጃውን የገዛላቸው ዘመድ ደግሞ «ኪችኑ ጠቦ ነው» ባይ ነው። ሦስቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ግራው ለምን ደህና እንደሆነ ግን አንዳቸውም አይነግሩንም። ምድጃው የገባው ልክ መሃል ላይ ነው፤ በግራም በቀኝም የተተወለት ክፍተት እኩል 1 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁዱም (ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ጭስና እንፋሎት የሚስበው መሣሪያ) አልተዛነፈም። ሙቀት ደግሞ ቀኝና ግራ አይመርጥም።

## ቀኙ ብቻ ለምን?

መልሱ የተገኘው በፋሲካ ዋዜማ፣ ሽንኩርት ሲቁላላ ነው። ምድጃው 60 በ60 ነው፤ ሦስት የጋዝ በርነርና አንድ የኤሌክትሪክ፣ ከታች ኦቨን ያለው፣ ገበያ ላይ እንደልብ የሚገኘው ዓይነት። ትልቁ በርነር ከፊት በስተቀኝ ነው። ስለዚህ የዶሮው ድስት ሁልጊዜ እዚያ ይጣዳል፤ ሌላው ላይ ቢጣድ እሳቱ አይበቃውም። ድስቱ ከዳር እስከ ዳር 40 ሴንቲ ሜትር ነው። ጎንበስ ብሎ ከጎን ላየው ሰው ነገሩ ወለል ብሎ ይታያል። የድስቱ ሆድ ከምድጃው አልፎ ጠረጴዛው ላይ ወጥቷል። ነበልባሉ ከሥሩ እየተሳበ የፎርማይካውን ጠርዝ ይልሳል። እንፋሎቱም ሁዱን በጎን አምልጦ ቀጥ ብሎ ወደ ቀኙ ካቢኔት ይወጣል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከዚያ በርነር መሃል እስከ ምድጃው ጠርዝ 15 ሴንቲ ሜትር አለ። የድስቱ ግማሽ 20 ነው። ስለዚህ ድስቱ በ5 ሴንቲ ከምድጃው ወጥቷል። በዚያ ላይ እሳቱ ሙሉ ሲለቀቅ የድስቱን ጎን ይዞ የሚወጣው ትኩስ አየር ሌላ 5 ሴንቲ ያህል ይሰፋል። ካታሎጉ ላይ 60 የተባለው ምድጃ በዚያ ምሽት 70 ሆኗል፤ አሥሯም ሙሉ በሙሉ በቀኝ በኩል ናት። በግራ የሚጣደው 24 የሆነው የሽሮ ድስት ነው። ግማሹ 12 ስለሆነ ከምድጃው ጠርዝ 3 ሴንቲ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ግራው ካቢኔት የተረፈው በዚህ ነው።

ይህን አንዴ ካዩ በኋላ ኪችን በድሮው ዓይን ማየት ያስቸግራል። ካቢኔት የሚታቀደው በምድጃው ልክ ነው፤ የሚበሰለው ግን በድስቱ ልክ ነው። ከውጭ የሚመጣው ምድጃ 24 እና 28 የሆነ ድስት ለሚጠቀም ቤተሰብ የተሠራ ነው። እኛ ጋ ደግሞ የዘወትሩ ድስት ለበዓል፣ ለማኅበር፣ ለልጅ ልደት አይበቃም፤ ጓዳ የተቀመጠው ትልቁ ይወጣል። ካቢኔቱን የሚያበላሹት እነዚያ ጥቂት ቀናት ናቸው። አንዴ ያበጠ ቺፑድ ወደ ቦታው አይመለስም፤ ቀለም ቢቀባም እብጠቱ እንደወጣ ይቀራል።

ስለዚህ አናጺ ከመጠራቱ በፊት የቤቱን ትልቁን ድስት አውጡና ዳር እስከ ዳር ለኩት። ለሁለት አካፍሉት። ከበርነሩ መሃል እስከ ምድጃው ጠርዝ ያለውን ቀንሱና 5 ጨምሩ። የሚወጣው ቁጥር በዚያ በኩል ጠረጴዛው እሳት ከማይፈራ ነገር መሠራት ያለበትን ስፋት ይነግራችኋል፤ ግራናይት፣ ሴራሚክ ወይም ላሜራ እንጂ ፎርማይካ አይሆንም። ከላይ ያለው ምሳሌ 10 ይሰጣል። ምድጃው ባለ 50 ከሆነ በርነሮቹ ወደ ጠርዝ ይጠጋሉ፤ ከመሃል እስከ ጠርዝ 12 ቢሆን ለዚያው ድስት 13 ይወጣል። ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ትንሽ ምድጃ የገዛ ሰው ያተረፈ ይመስለዋል፤ ትልቅ ድስት ካለው ግን ያተረፈው ከሚያስበው ያነሰ ነው።

## ሁለቷ ሴንቲ ሜትር የት ትጠፋለች?

በራሱ እግር የሚቆም ምድጃ መመሪያው ላይ ብዙውን ጊዜ በየጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አየር እንዲተውለት ይጠይቃል። የእናንተ ምድጃ መመሪያ ከዚያ በላይ ካለ የሚሠራው እሱ ነው። ለባለ 60 ምድጃ እንግዲህ 64 ክፍት ቦታ ማለት ነው። በየቤቱ የምናየው ግን 61 ነው፤ አንዳንዱ ጋ እንዲያውም ልክ 60። ምክንያቱ ክፋት አይደለም። ካቢኔት የሚሸጠው በሜትር ነው፤ ባዶ የቀረ ሴንቲ ለሠሪው ያልተሸጠ ሥራ ነው፣ ለባለቤቱ ደግሞ ቆሻሻ የሚገባበት ስንጥቅ። ሁለቱም ባይኖር ይመርጣሉ።

አየሩ ግን ሥራ አለው። ኦቨን ውስጥ ድፎ ዳቦ ሲጋገር የምድጃው ጎን ለረጅም ሰዓት ይግላል። የቦርዱን የጠርዝ ጥብጣብ የያዘው ማጣበቂያ በሙቀት ቀልጦ የሚለጠፍ ስለሆነ በሙቀት ይለቃል፤ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ላይ መለስለስ ይጀምራል። በክፍተቱ ውስጥ አየር ከታች ገብቶ ከላይ ከወጣ ቦርዱ እዚያ አይደርስም። ክፍተቱን በሲሊኮን መድፈን ስለዚህ መጥፎ ሐሳብ ነው። ሙቀቱን ያፍናል፤ ምድጃውንም ለጽዳት ማውጣት አይቻልም። ቆሻሻው የሚያሳስባችሁ ከሆነ መፍትሔው ምድጃው ተስቦ እንዲወጣ ማድረግ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ከምድጃው ጋር የሚፋጠጠውን የካቢኔት ጎን በቀጭን ላሜራ ማልበስ ርካሽ መከላከያ ነው። አለባበሱ ላይ ግን ብዙ ሰው ይስታል። ላሜራው በቀጥታ ቦርዱ ላይ ከተመታ ሙቀቱን ተቀብሎ ለቦርዱ ያስተላልፋል እንጂ አይከላከልም። በላሜራውና በቦርዱ መካከል 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት መኖር አለበት። ከቱቦ ብረት የተቆረጡ አጫጭር ቀለበቶች ከኋላ ገብተው በብሎን ይያዛል፤ ከላይና ከታች ደግሞ ክፍት ይተዋል። ይህን ለሚያደርግ ሰው ክፍተቱ ከ64 ወደ 67 ያድጋል። ሦስት ሴንቲ ሜትር ናት፤ አትቆጩ።

64 ብላችሁ ያዘዛችሁት ቦታ ምድጃው ሲመጣ 60 ሆኖ የሚጠብቃችሁም ጊዜ አለ። ሴንቲዎቹን ከሚበሉት ሌቦች አንዱ ግራናይት ነው። ግራናይት ቆራጩ እንደ ልማዱ ጠረጴዛውን ከካቢኔቱ በ2 ሴንቲ አሳልፎ ይቆርጣል። ከፊት ለፊት ይህ ትክክል ነው፤ ወጥ ሲፈስ በሩ ላይ አይወርድም። በምድጃው በኩል ግን በግራ 2፣ በቀኝ 2 ተቀንሶ የአየሩ ቦታ አለቀ ማለት ነው። «በምድጃው በኩል ከካቢኔቱ ጋር እኩል ይቆረጥ» ብላችሁ በጽሑፍ ስጡት፤ በቃል የተነገረው ሱቅ እስኪደርስ ይረሳል።

ሁለተኛው ሌባ ሴራሚክ ነው። ሴራሚኩ ከነማጣበቂያው ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ይወፍራል። ሁለት ግድግዳ መካከል የሚቆም ካቢኔት በልስኑ ከተለካ በኋላ ሴራሚክ ቢለበስ እስከ 3 ሴንቲ ይጎድላል። ሦስተኛው ልስኑ ራሱ ነው። ግድግዳውን ወለሉ ላይ፣ በ90 እና በ150 ሴንቲ ከፍታ ለኩና ትንሹን ቁጥር ያዙ። ጥጉ ዘጠና ዲግሪ መሆኑን ለማየት በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ልክ 100 ካልሆነ ጥጉ ጠማማ ነው።

ከኋላም ዞኮሎው አለ፣ የጋዙ ጎማ መታጠፊያ አለ። ሁለቱ ተደማምረው ምድጃውን 5 ሴንቲ ያህል ወደ ፊት ይገፉታል። ጠረጴዛው 60 ጥልቀት ካለው ምድጃው ያንኑ ያህል ወጥቶ ይቆማል፤ የኦቨኑ እጀታ ሲጨመር 10 ይጠጋል። ግድግዳው ሳይለበስ ከደረሳችሁበት ዞኮሎውን በምድጃው ቦታ ላይ መተው ይቻላል፤ ማንም አያየውም። ካለፈባችሁ ግን ጠረጴዛውን 64 አድርጉት። ካቢኔቱ ያው ሆኖ ከግድግዳው በ4 ሴንቲ ይርቃል፤ ከኋላው ቧንቧና መስመር ያሳልፋል።

ከፍታውም አለ። የምድጃው ገጽ ከጠረጴዛው እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ መቆም አለበት። ምድጃው 85 ሆኖ ጠረጴዛው 90 ከሆነ ትልቁ ድስት ወደ ጎን አይወጣም፤ በግራናይቱ ጠርዝ ይገታና ከበርነሩ መሃል ይሸሻል፤ ነበልባሉም በአንድ ጎን ይለበልባል። የምድጃ እግር እየተጠመዘዘ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ጠቅላላ ልዩነቱን ግን አይሸፍንም። ስለዚህ ምድጃው ይቀድማል። ሳይገዛ ጠረጴዛ ማሠራት፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።

## ድስቱ ሲወርድ

ምድጃ አጠገብ ያለ ባዶ ጠረጴዛ ሥራው ምን እንደሆነ የሚገባን ሁለት እጃችን ትኩስ ድስት ይዞ ሳለ ነው። የአሜሪካ የኪችን ባለሙያዎች መመሪያ በምድጃው አንድ ጎን ቢያንስ 30፣ በሌላው 38 ሴንቲ ሜትር ማረፊያ ይጠይቃል። ለእኛ ድስት ይህ አይበቃም። 40 የሆነ ድስት ከነጆሮው 50 ይሆናል። በአንድ በኩል 60፣ በሌላው ቢያንስ 40 ካልተገኘ ድስቱ ወለል ላይ ይወርዳል፤ ወለል ላይ ደግሞ ልጅ አለ።

60ዋ በየት በኩል ትሁን? ከዕቃ ማጠቢያው ጋር በሚያገናኘው በኩል። ሽንኩርት የሚከተፈው፣ ሥጋው የሚዘለዘለው፣ ታጥቦ የሚመጣው ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። ሥሯም መሳቢያ ይሁን እንጂ በር አይሁን። ማማሰያ፣ ጭልፋ፣ ቢላ፣ በርበሬና ቅመም እዚያ ይግባ። በርበሬን ከምድጃው በላይ መደርደር በየቤቱ የተለመደ ነው፤ ሙቀትና እንፋሎት ግን ሽታውንም ቀለሙንም ይወስዱበታል፣ ያጓጉሉታልም።

ምድጃን ጥግ ማስገባት በትንንሽ ኪችኖች ውስጥ የማየው ትልቁ ስህተት ነው። ግድግዳው ሴራሚክ ስለሆነ አይቃጠልም ይባላል፤ አዎ፣ አይቃጠልም። ድስቱ ግን ጆሮው ግድግዳውን ስለሚገፋ በርነሩ መሃል ላይ አይቀመጥም፤ የሚያማስል ክርንም ግድግዳ ይመታል። ኪችኑ ኤል ቅርጽ ካለው ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። የኦቨኑ እጀታ 5 ሴንቲ ያህል ወጣ ስለሚል፣ በሌላው ክንድ ላይ ያለው መሳቢያ ሲከፈት ከእጀታው ጋር ይላተማል። ጥጉ ላይ 10 ሴንቲ የሞተ ቦታ ይተው። ኦቨኑም ሲከፈት በሩ ወደ 45 ሴንቲ ወደ ፊት ይተኛል። ከጠረጴዛው እስከ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ያለው መተላለፊያ 90 ከሆነ የሚቀረው 45 ነው፤ አንድ ሰው ወደ ጎን ቆሞ ዳቦውን ያወጣል እንጂ ሌላ ሰው አያልፍም። 105 ቢሆን ይሻላል፤ ከ90 ግን አትውረዱ።

በነገራችን ላይ ጠባብ ኪችን አዲስ ችግር አይደለም። በ1926 ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬት ሹተ ሊሆትስኪ ለፍራንክፈርት የጋራ መኖሪያ ቤቶች የነደፈችው ኪችን 1.9 በ3.4 ሜትር ነበር፤ ከብዙዎቹ የኮንዶሚኒየም ኪችኖቻችን እምብዛም አይሰፋም። እሷ የጀመረችው ሴትየዋ በሥራ ላይ ስንት ጊዜ ወዲያ ወዲህ እንደምትል በመለካት ነው። ካቢኔቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

## ከላይ

ሁድ በጋዝ ምድጃ ላይ ከ65 እስከ 75 ሴንቲ ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ ትክክለኛው ቁጥር በሁዱ መመሪያ ላይ አለ። ወደ 75 መጠጋቱን እመርጣለሁ። 25 ሴንቲ የሚረዝም ድስት ማስቀመጫው ብረት ላይ ሲቆም አፉ ከምድጃው 30 ያህል ከፍ ይላል፤ ክዳኑ ሲነሳና ረጅም ማማሰያ ሲዞር 65 ይጠባል። ሁድ ከሌለ ከእሳቱ በላይ እንጨት ነክ ነገር ከ76 ሴንቲ በታች አይውረድ። ከተቻለ ከነጭራሹ አይኑር።

ከሁዱ ግራና ቀኝ የሚሰቀሉት ካቢኔቶች ከጠረጴዛው 55 ከፍ ብለው፣ ጥልቀታቸው ከ32 ሳይበልጥ ቢሠሩ ጥሩ ነው። ትልቁ ድስት የሚጣድበት ጎን ላይ ያለው ግን ቀደም ብላችሁ ያሰላችሁትን 10 ሴንቲ ያህል ከሁዱ ይራቅ። በዚያች ክፍተት የሽንኩርት ጉንጉን መስቀል ይቻላል፤ ምንም ባይሰቀልም ግድ የለም። ሁለት በር ያለው ካቢኔት ላይ ማጠፊያው የቱ ጋ እንደሚገባም አስቡ። ምድጃውን የሚያዋስነው በር ማጠፊያው ከምድጃው በራቀው ጠርዝ ላይ ከሆነ ሲከፈት ይሸሻል። በቅርቡ ጠርዝ ላይ ከሆነ ግን በሩ ተከፍቶ ምድጃው አጠገብ ይቆማል፤ እንፋሎቱን ሁሉ እሱ ይቀበላል። አናጺው ካልተነገረው የመጣለትን ያደርጋል።

የካቢኔቱ የታች ገጽ፣ ማንም ጎንበስ ብሎ ስለማያየው፣ ብዙ ጊዜ ጥብጣብ ሳይለጠፍበት ይገጠማል። እንፋሎት የሚመታው ግን እሱን ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ወደ 95 ዲግሪ ላይ ነው፤ ባቄላውም ሥጋውም ከቆላው አገር ይልቅ ይቆያል፣ እንፋሎቱም አብሮ ይቆያል። አራቱም ጠርዞች፣ የማይታየውም ጭምር፣ ጥብጣብ እንዲለጠፍባቸው በውሉ ላይ ይጻፍ።

## ንፋስ፣ ጋዝ፣ ምጣድ

የአዳማ ንፋስ ከከተማዋ ወጣ ብሎ 51 እና 153 ሜጋዋት የሚያመነጩ ሁለት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች ያስተከለ ንፋስ ነው። ኪችን ውስጥ ሲገባ ነበልባሉን ወደ አንድ ጎን ያስተኛዋል፤ ያን ጊዜ ያሰላነው 5 ሴንቲ አይበቃም። አንዳንዴም ጭራሹን ያጠፋዋል፤ እሳት ሲጠፋ ጋዙን የሚዘጋ መሣሪያ የሌለው ምድጃ ከሆነ ጋዙ መውጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ምድጃው በበሩና በመስኮቱ መካከል ባለው ቀጥታ መስመር ላይ አይቁም። ሌላ ቦታ ከሌለ መስኮቱ ከላይ ብቻ የሚከፈት ይሁን። መስኮቱን መዝጋት ግን መፍትሔ አይደለም።

ሲሊንደሩን ካቢኔት ውስጥ መቆለፍ ንጹሕ ይመስላል። የቡታ ጋዝ ግን ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይጋደማል፣ በተዘጋ ሳጥን ውስጥም ይጠራቀማል። የተሻለው ቦታ በረንዳ ነው፤ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ፀሐይ የማያገኘው፣ ከወለል ፍሳሽ ቀዳዳም የራቀ። የግድ ካቢኔት ውስጥ ከሆነ 40 በ40 ቦታ ያለ በር ተዉለት። በሩ አይቀርም ካላችሁ ደግሞ ከታች ወለሉን የሚነካ፣ ከላይም ሁለተኛ መተንፈሻ ይኑረው፤ ሶኬትም አብሮት አይግባ። ጎማው ከ1.5 ሜትር አይብለጥ፤ ከኦቨኑ ጀርባም አያልፍ፤ ጀርባውም ይግላል። የተገጣጠመበትን ቦታ በሳሙና አረፋ መፈተሽ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

የእንጀራ ምጣዱን ስታስቡ ጠረጴዛ ላይ እንደማይቀመጥ ተቀበሉ። ጥልቀቱ 60 በሆነ ጠረጴዛ ላይ ምጣዱ ከነቤቱ ይተርፋል፤ ከላይ የተሰቀለ ካቢኔት ካለም አክንባሎው በተነሳ ቁጥር እንፋሎቱ እሱን ይመታል። ከፍታውም አይስማማም፤ ሊጥ ለማዞር ክንድ ከላይ ወደ ታች መውረድ ስላለበት ከ70 እስከ 75 ይመቻል እንጂ 90 አይደለም። የብረት ማቆሚያ አሠርታችሁ ወደ መስኮቱ ወይም ወደ በረንዳው በር 70 በ70 ቦታ ስጡት። ምጣዱ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ይህ ከ16 እስከ 18 አምፔር ነው። ተራ ሶኬት ይህን ለአንድ ሰዓት አይችልም፤ ይግላል፣ ይጠቁራል። ከቆጣሪው የራሱ ብሬከር ያለው 4 ሚሊ ሜትር ካሬ መስመር ይዘርጋለት፤ ይህ የሚሠራው ሴራሚኩ ከመለበሱ በፊት ነው።

## 2.70 ሜትር ግድግዳ ላይ

ይህ ሁሉ ተተግብሮ ካቢኔት የሚባል ነገር ይቀራል ወይ ለሚል፣ አንድ ተራ ግድግዳ እንውሰድ። ርዝመቱ 2.70 ሜትር ነው፤ በግራ መስኮት ያለበት ግድግዳ፣ በቀኝ ባዶ ግድግዳ። የተለመደው አሠራር 90 የዕቃ ማጠቢያ ካቢኔት፣ 120 ሌላ ካቢኔት፣ ከዚያ 60 ምድጃ ጥግ ላይ። 210 ሴንቲ ካቢኔት ተሸጠ። ምድጃው በቀኝ ማረፊያ የለውም፣ አየርም የለውም፣ ትልቁ በርነርም ግድግዳ ሥር ነው።

አሁን ከግራ ጀምሩና 6 ሴንቲ ተዉ፤ ከዚያ 80 ማጠቢያ፣ 60 ባለ መሳቢያ ጠረጴዛ፣ 64 የምድጃ ቦታ፣ 60 ካቢኔት። ድምሩ 270 ነው። የካቢኔቱ ርዝመት 200 ሆነ፤ የጠፋው 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለዚያች አሥር ሴንቲ በሁለቱም በኩል የድስት ማረፊያ፣ በሁለቱም በኩል አየር፣ ከጥጉም 60 ሴንቲ ርቀት ተገኘ። ሁዱ ልክ ምድጃው ላይ ይሰቀላል፤ ከሁዱ በቀኝ ያለው የላይ ካቢኔት 48 ሆኖ ወደ ግድግዳው ይጠጋል፤ ከሁዱ ጠርዝ እስከ እሱ 14 ሴንቲ ይቀራል፤ ለበዓሉ ድስት ከበቂ በላይ ነው።

ቦርዱ ከመቆረጡ በፊት ይህን ወለሉ ላይ በጠመኔ ሥሩት። የኦቨኑን በር በ45 ሴንቲ ካርቶን ተኩትና መሬት ላይ አጋድሙት፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ይግባና ይተላለፍ። ባዶ ድስቱንም ይዛችሁ ከ«ምድጃው» ወደ «ማጠቢያው» ሂዱ። ወረቀት ላይ ያልታየ ነገር ብዙውን ጊዜ እዚህ ይታያል፤ ለምሳሌ የፍሪጁ በር የሚከፈትበት አቅጣጫ።

በግራ የቀረችው 6 ሴንቲ ለግድግዳው ጥመት ናት። በዚያው ቦርድ ቁራጭ ትሸፈናለች፤ ቁራጩ ግን ከግድግዳው ጋር ተስተካክሎ የሚቆረጠው ካቢኔቱ በውሃ ልክ ከቆመ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ነው። የማጠቢያው ካቢኔት በር ሲከፈት እጀታው ግድግዳውን እንዳይመታ የሚያደርገውም ያው ነው፤ እጀታው ከ4 ሴንቲ በላይ የሚወጣ ከሆነ 6ቷን 8 አድርጉና ከቀኙ ካቢኔት 2 ቀንሱ።